ልጄ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት

ዛሬ ስለ አንድ ስህተቴ ልንገራችሁ።

አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል» አለችኝ። ሰገራ አስመረመርኩ፤ ምንም የለም። የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። እንደገና መጡ፤ ሽሮፑን ቀየርኩ። በሦስተኛው ነው «ቅዳሜና እሁድስ ያመዋል?» ብዬ የጠየቅኩት።

«ኧረ፣ ያን ቀንማ ደህና ነው!»

ወረቀት ላይ ጥቂት ቃላት ጽፌ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። «ሸማ»ን «ሰማ» አለ። «ቤት»ን «ቢት» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። አጭር ተረት ስነግረው ግን አንድም ሳያስቀር መልሶ ነገረኝ።

እናቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባቱ ሰነፍ ነህ እያለ ይገርፈዋል፤ እሱም ግን ማንበብ እያቃተው ነው ከ6ኛ ክፍል ያቋረጠው» አለችኝ።

ይህ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል። ስንፍና ወይም የአእምሮ ዝግመት አይደለም። አንጎል የቃልን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር ማያያዝ ሲከብደው የሚመጣ ነው። በቤተሰብ ውስጥም ይተላለፋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው፤ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩት ከላይ ባለች ሰረዝ ብቻ ነው።

ምን ልብ እንበል?
• ዘግይቶ አፍ መፍታት፣ የቃላትን ድምፅ ማዘዋወር
• ፊደል ዛሬ ለይቶ ነገ መርሳት
• በቃል ጎበዝ ሆኖ በጽሑፍ መውደቅ
• ትምህርት ቤት ላለመሄድ ሰበብ ማብዛት

ምን እናድርግ?
• መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ።
• ፊደልን ከድምፁ ጋር፣ ጥቂት በጥቂት፣ በየቀኑ አስጠኑት።
• እናንተም አንብቡለት።
• መምህሩን ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጡትና በቃል እንዲጠይቁት፣ ክፍል ፊት ድንገት እንዳያስነብቡት ለምኑ።
• ዱላ ይቅር! የሚያድን ክኒንም የለም፤ የሚረዳው ትክክለኛ የማስተማር ዘዴና ትዕግሥት ነው።

በቀጠሮው አባትየው ራሱ ይዞት መጣ። ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ «እኔንም እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ» ብሎ የልጁን ራስ ዳበሰ።

ልጁ አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ሆዱን ግን ካመመው ቆይቷል።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።