ከጎረቤላ (አንኮበር) ማስታወሻ

ኅዳር 3 ቀን 2010

ሌሊት ውርጭ ወረደ። ከከተማው በላይ ያለው ባቄላ እሳት የላሰው መስሎ ጠቁሮ አደረ። ገብሱ ለአጨዳ ስለደረሰ ተርፏል። ሻይ ቤት ውስጥም፣ ወረዳው በር ላይም ወሬው ይኸው ነው፤ ለከርሞ ዘር ከየት ይምጣ?

ኅዳር 8

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ አንኮበር አስተማርኩ። ልጆቹ የሚያውቁት ከቤተ መንግሥቱ አያልፍም፦ ምኒልክ እዚህ ነበሩ፣ ወደ እንጦጦ ወጡ፣ በ1879 እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የኛን ኑሮ ማንም ታሪክ አይለውም። ኮረብታው ላይ የቀረው የኖራ ግድግዳ ቁራጭ ነው፤ አጠገቡ ሎጅ ተሠርቶበታል፣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል።

እኔ ከቁልቁለቱ መጀመር እወዳለሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር እስትንፋስ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ነበር። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው፣ ከታጁራ ወደብ ጨርቅና መሣሪያ ይመጣል። ግመሎቹ ፋሬ ላይ ይቀራሉ፤ ዳገቱ የሰውና የበቅሎ ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሡ ስጦታ ይዞ ሲመጣም ጭነቱ ከፋሬ የወጣው በሰው ትከሻ ነበር። የወዳጅነትና የንግድ ውሉ የተፈረመው በኅዳር 1834 ነው። ውሉን መጽሐፍ ሁሉ ይጽፈዋል፣ የተሸካሚዎቹን ስም የሚያውቅ ግን የለም። ከእነሱ መካከል የእነዚህ ልጆች ቅድመ አያቶች እንደነበሩ እገምታለሁ።

አልዩ አምባ ላይ አርጎባውና ሐረሪው ይነግዱ ነበር። አጠገቡ አብዱረሱል በሚባለው ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ፣ «ቲቸር፣ ከዚህ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው?» አለችኝ። አብዛኞቹ ከሩቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ መሆናቸውን ነገርኳት። ስለ ቤተ መንግሥቱ ክብር እያወሩ ይህን መዝለል ልጆቹን ማታለል ነው።

የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ አያቶቻችሁን ወደ አልዩ አምባ ምን ይዘው ይወርዱ እንደነበር ጠይቁ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ሰው ቆሻሻውን እየጠረገ ያቃጥላል፣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ከ1911 የኅዳር በሽታ ወዲህ የመጣ ልማድ መሆኑን ለጎረቤቴ ልጅ ስነግረው፣ «ዝም ብሎ ለትንኝ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ኅዳር 15

የቤት ሥራው መጣ። የጠበቅሁት አንድ ሁለት መስመር ነበር፤ ገጽ ሙሉ የጻፉ አሉ። አንዱ አያቱ ገብስና ባቄላ አውርደው ማሽላና በርበሬ ይዘው ይወጡ እንደነበር ጽፏል። ሌላዋ የአያቷ አባት ገና ልጅ ሳሉ አሞሌ ተሸክመው ትከሻቸው እንደቆሰለ ሰምታለች። አንድ ልጅ ደግሞ የእናቱ ወገን አርጎባ መሆኑን ያወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አያቱ የነገሩትን በቃል ሲያወራልን ክፍሉ የደውሉን ድምፅ አልሰማም።

አሁንም በገበያ ቀን ከቆላ ሎሚና ማሽላ ይመጣል፣ ከደጋ ገብስና በግ ይወርዳል። በቅሎዋን አይሱዙ ተክቷታል። በውርጩ ባቄላው ስለተበላሸ ዘንድሮ ወደ ታች የሚወርደው ያንሳል፤ ሽማግሌዎቹ ማሽላው በደጋ ይወደዳል እያሉ ነው።

ወረቀቶቹን አንድ ላይ አስጠርዤ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሽፋኑ ላይ የሁሉም አያቶች ስም በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ይሰፍራል።