የተቀባውን ፊት መልሶ መቀባት

ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ግርጌ በእስክሪብቶ የተጨመረች አንዲት መስመር አለች፦ «ከባድ ሜካፕ ካለ የኤዲት ዋጋ ይጨምራል»። እኔ የሄድኩት ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ከሜካፕ ጋር ዝምድና የለኝም። መስመሯ ግን አላስወጣ አላስገባ አለችኝ። ሰው ሜካፕ የሚቀባው እንከኑን ሊሸፍን አይደለም እንዴ? እንከኑ ከተሸፈነ የኤዲተሩ ሥራ ሊቀንስ ሲገባው እንዴት ይጨምራል?

ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ከሩቅ ስለሚያዩት ነው» አለና የጀመረውን የሙሽራ ጉንጭ ስክሪኑን እስኪሞላ አቀረበልኝ። ባለትዳር ሆኜ እንኳ ጉንጭን ያን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ፋውንዴሽኑ የላብ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ተኝቷል። ፓውደሩ ለወትሮው በማይታየው የጉንጭ ጸጉር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከጎን የመጣው መብራት ደግሞ እያንዳንዷን ጸጉር ለይቶ ቆጥሯታል። ማስካራው ሽፋሽፍቱን ሦስት አራት እያደረገ አጣብቆታል። ከዓይን ቆብ የረገፈው ብልጭልጭ አፍንጫዋ ጥግ ደርሷል። አገጯ ሥር ደግሞ ፊቷ አልቆ አንገቷ የሚጀምርበት ድንበር አለ፤ ከላይ የቀላች፣ ከታች ጠይም። «ሳትቀባ ብትመጣ ብጉሯን አጥፍቼ እጨርስ ነበር» አለ ልጁ። አሁን ግን የቆዳውን ሻካራነት አንድ ሌየር ላይ፣ ቀለሙን ሌላ ሌየር ላይ ለያይቶ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ የሠራችውን በሙሉ ከሥሯ ተከትሎ ማስተካከል አለበት። ሁሉንም አለስልሶ የሚያልፈው ሰነፍ ኤዲተር ብቻ ነው፤ ጎበዝ የሚባለው ቀዳዳዎቹን ትቶ በመካከላቸው ያለውን ጥላ ብቻ የሚያቀላ ነው አለኝ። ዋጋው ቢጨምር አልፈረድኩበትም።

ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ፎቶሾፕ ነው» አለች። ዝም አልኩ እንጂ አላመንኳትም። ከኤሌክትሪክ አምፖል በፊት ፊት ያሳምር የነበረ አንድ ጀርመናዊ ትዝ ብሎኛል፤ ስሙ ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ቀረ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ማገላበጥ ያዝኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው የሙኒኩ ፍራንዝ ሀንፍሽቴንግል ነው። በሙያው የሊቶግራፍ ሠዓሊ ነበር፤ ፎቶ ቤቱን የከፈተው በ1853 ነው። በ1855 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የአንድን ሰው ፎቶ በሁለት ዓይነት አቅርቦ፣ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ነጌቲቩ በእጅ ተነካክቶ፣ ሕዝቡን ጉድ አሰኘ ይባላል። ወሬው ሲሰማ ሰው ፎቶ ለመነሣት ድፍረት አገኘ ብለው የሚጨምሩም አሉ። ይህችኛዋን አምናታለሁ፤ ሰው እውነቱን ለማየት ብሎ ገንዘብ ከፍሎ አያውቅም።

ይሁንና ቀደምትነቱን ለስዊዘርላንዱ ዮሐን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ የሚሰጡ አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ። ሠዓሊና ቀራጭ የነበረው ኢዘንሪንግ በ1840 በዛንክት ጋለን ከተማ የሰዎችን ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳይቷል። በዚያ ዘመን ተነሺው ከካሜራው ፊት ረጅም ጊዜ እንደተገተረ ስለሚቆይና ዓይኑን ስለሚያርገበግብ፣ ሥዕሉ ላይ ዓይኖቹ ደብዝዘው ይቀራሉ። ኢዘንሪንግ ታዲያ የዓይን ብሌኑን ሥዕሉ ባረፈበት የብረት ሰሌዳ ላይ ጭሮ ያወጣው ነበር ይባላል፤ ቀለምም ይቀባበታል። ሀንፍሽቴንግል ቆዳ አለሰለሰ፤ ኢዘንሪንግ ግን ለታወረ ሰው ዓይን አበራ። ማን ይበልጣል ቢሉኝ መልሴ አጭር ነው።

ሴትየዋ ፎቶሾፕን እንደወቀሰች፣ እኔም ነገሩን ሁሉ በሰው ከንቱነት ላላክከው ተዘጋጅቼ ነበር። ጥፋቱ ግን በከፊል የሰሌዳው ሆኖ ተገኘ። የያኔው የመስታወት ነጌቲቭ የሚያየው ሰማያዊ ብርሃንን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ለቀይና ለቢጫ ዕውር ነበር። ስለዚህ በዓይን ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጠቃጠቆ ፎቶው ላይ የከሰል ነጠብጣብ ይሆናል። ቀላ ያለ አፍንጫ ይጠቁራል። ሰማያዊ ዓይን ይነጣል። እንደኛ ያለ ጠይም ፊት ደግሞ ከተፈጥሮው አልፎ ይጨልማል። ፎቶ አንሺው የተሳለ እርሳስ ይዞ ነጌቲቩ ላይ ሲጎነበስ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ፣ የሚያርመው የካሜራውን ውሸት እንጂ የሰውየውን ፊት አልነበረም። ካሜራው ከዋሸ መልሶ መዋሸት ኃጢአት አይመስለኝም።

ሜካፑም የመጣው በዚያው በር ነው። ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የዊግ ሠሪው ማክስ ፋክተር በ1914 ለፊልም ተዋንያን የሚሆን ቅባት ሠራ። የያኔው ፊልም ቀዩን ከንፈር ጥቁር አድርጎ ስለሚያወጣው፣ ተዋንያኑ በዓይን ሲታዩ የሚያስፈራ ቀለም ተቀብተው ነበር የሚቀረጹት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ሲስፋፋ ፋክተርም ቅባቱን እንደገና ቀመረው። እርሳሱና ብሩሹ እንግዲህ ለአንድ ጌታ ያደሩ ሁለት ሎሌዎች ነበሩ፤ አንዱ ከፎቶው በፊት፣ ሌላው ከፎቶው በኋላ።

ሆሊውድ እርሳሱን መረጠች። ጆርጅ ሀረል በ1931 ጆአን ክራውፎርድን ሲያነሣት፣ ፊቷ ላይ መሠረታዊው ቅባት እንኳ አልነበረም ይላሉ፤ ብርሃኑ በባዶ ቆዳ ላይ እንዲንሸራተት ፈልጎ ነው። ጠቃጠቆዋ በሙሉ ነጌቲቩ ላይ ወጣ። ከዚያ ጄምስ ሻርፕ የተባለ የእርሳስ ባለሙያ ስድስት ሰዓት ያህል ተጎንብሶ አንድ በአንድ አጠፋው። በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱ ፎቶዎች ዛሬም ጎን ለጎን ይታያሉ። ለእኔ የበፊቷ ትበልጣለች፤ የኋለኛዋ የተፈለፈለች ሐውልት ትመስላለች።

አዲስ አበባም ወደ ኋላ አልቀረችም። ከአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ጀምሮ ፎቶ ቤቶቻችን ጥቁርና ነጩን ፎቶ ማሳመር ያውቁበት ነበር፤ ጉንጭና ከንፈር በእጅ ቀለም የተቀባበት የወላጆቻችን ፎቶ በየሳሎኑ አለ። እዚህ ላይ ግን ቂሜን ሳልናገር አላልፍም።

አክስቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ አንገቷ ላይ ደግሞ ሦስት ረድፍ ነበራት። በልጅነቷ በእሾህና በጥላሸት ሲነቅሷት አራት ሰው ይዟት እንደነበር እየሳቀች ታወራ ነበር። ለሙት ዓመቷ አሮጌ ፎቶዋን ለማስጎላት ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩ። በቀጠሮው ስሄድ ግንባሩ ባዶ፣ አንገቱ ባዶ! ባለሙያው ኮራ ብሎ፣ «ቆሻሻውን በሙሉ አጽድቼልዎታለሁ» አለኝ። በዚያውም ፍንጭቷን ደፍኖታል። ያገሬ ሰው ስንት ዘፈን ያወጣለትን ፍንጭት! ታናሽ እህቷ ፎቶውን አይታ፣ «ይቺን ሴትዮ ደግሞ ከየት አመጣሃት?» አለች። ሰሌዳው ጠቃጠቆውን አጥቁሮት እንደነበር፣ ይህ ሰው ደግሞ የጠቆረን ነገር ሁሉ እድፍ አደረገው። ገንዘቤን መልስ አላልኩም። በበሩ ሳልፍ ግን ሰላምታ የለኝም፤ እሱም ምክንያቱን እስካሁን የሚያውቅ አይመስለኝም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። የኖል ወንድማማቾች የሠሩት ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ወጣ። ብጉር ላይ ሲያሳርፉት አጠገቡ ካለው ንጹሕ ቆዳ እየተበደረ የሚደፍነው ብሩሽ በ2002 ተጨመረበት። ሻርፕ ስድስት ሰዓት የፈጀበትን ስልክ በአንድ ጣት ይጨርሰው ጀመር። ሎሌዎቹም ተጣሉ። ካሜራው እየጠራ በሄደ ቁጥር ሜካፑ ራሱ መታረም ያለበት እንከን ሆነ።

ሕግ አውጪዎችም ገቡበት። እስራኤል በ2012 ባወጣችው ሕግ፣ የሞዴል ሰውነት በኮምፒዩተር ከቀጠነ ማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘች። ፈረንሳይ በ2017 ተከተለች፤ ቃሉ «የተነካካ ፎቶግራፍ» ነው። ነገር ግን የ2017ቱ የፈረንሳይ ግዴታ የሚመለከተው ቁመናን ማቅጠንና ማወፈርን ብቻ ነበር። ወገብ ከተነካ ይጻፍ ነበር፤ ፊት ቢፋቅ፣ ማድያት ቢጠፋ፣ ጸጉር ቢጨመር ማንም አይጠይቅም ነበር።

ፊትን ጠያቂ የተገኘው በብሪታንያ ነው። በ2011 ጆ ስዊንሰን የተባለች የፓርላማ አባል ሁለት የሎሬያል ማስታወቂያዎች ላይ አቤት አለች፤ በአንዱ ላይ ጁሊያ ሮበርትስ ነበረች፣ በሌላው ክሪስቲ ተርሊንግተን። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አካል ምስሎቹ ምርቱ በእውነት የሚሠራውን ለማሳየታቸው ማስረጃ አልቀረበልኝም ብሎ ሁለቱንም አገደ። ኩባንያው የተርሊንግተን ፎቶ ላይ የተደረገውን ሲዘረዝር ቆዳ ማቅላት፣ የዓይን ሥር ጥላ መቀነስ፣ ከንፈር ማለስለስ፣ ቅንድብ ማጥቆር ይልና በመካከል አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ ሜካፑን ማጽዳት። ማስታወቂያው ደግሞ የፋውንዴሽን ነበር።