የናስ ነገር

ሥሙኒን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የንጉሡን ዘመኗን፣ ጠርዟ እንደ አበባ ወጣ ገባ የሆነችውን የመዳብ ሥሙኒ ማለቴ ነው። እንደዚያ ሆና አልተወለደችም። 1936 ዓ.ም. ተጽፎባት ስትወጣ ክብ ነበረች። በመጠን ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለምትቀራረብ ግን ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ይገበያዩባት ጀመር። መንግሥትም ክቧን ሰብስቦ ጠርዟን ወጣ ገባ አደረገው። እንግዲህ አልኬሚ የሚባለው ጥበብ በአገራችን ያስገኘው ትርፍ ቢቆጠር ይኸው ነው፤ በአንድ መዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም።

የአልኬሚ ሰዎች ሰባቱን ማዕድናት ለሰባት የሰማይ አካላት ድረዋቸው ነበር። ወርቅ ለፀሐይ፣ ብር ለጨረቃ፣ ብረት ለማርስ፣ መዳብ ለቬነስ፣ የእኛ ሊቃውንት ዝሁራ ለሚሏት። ምክንያት አላቸው። መዳብ በላቲን ስሙን ያገኘው ከቆጵሮስ ደሴት ነው፤ ግሪኮች ደግሞ የፍቅር አምላካቸው ከባሕር የወጣችው እዚያው ቆጵሮስ ላይ ነው ይላሉ። ዛሬ ሐኪሙ ሴት ለማለት የሚጽፋት ምልክት፣ ከሥሯ መስቀል ያላት ክብ፣ የመዳብም ምልክት ነበረች። ይህ ሁሉ ክብር ግን መዳብን ከውርደት አላዳነውም። በእነሱ ዓይን መዳብ ጉዞውን ያልጨረሰ ወርቅ ነው፤ ወይ ይለወጥ፣ ወይ ይቅር።

የአይሁድ ካባላ ሊቃውንት ነገሩን ያዩት በሌላ ዓይን ነው። ዋናው መጽሐፋቸው ዞሃር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን ብቅ ካለ ወዲህ፣ በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ የተጠየቁትን ሦስት ማዕድናት ሲተረጉሙ፣ ብሩን ለምሕረትና ለአብርሃም፣ ወርቁን ለፍርድና ለይስሐቅ ይሰጣሉ። ናሱስ? የያዕቆብ ነው። በምሕረትና በፍርድ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ። ልብ በሉ፣ ሦስተኛ የወጣ ተማሪ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው። ለእኔ ከአልኬሚው ይልቅ ይኼኛው ይጥመኛል።

የእባቡንም ነገር እናንሣው። በኦሪት ዘኁልቍ ሙሴ የናስ እባብ ሠርቶ በዓላማ ላይ ሰቀለ፤ በእባብ የተነደፈ ሁሉ ቀና ብሎ ሲያየው ዳነ። ዕብራይስጡ ላይ እባብ «ናሓሽ»፣ ናስ «ነሖሼት» ስለሆነ ነገሩ ቅኔ ነው። ሊቃውንቱ አላቆሙም፤ የናሓሽን ፊደላት ደመሩ፣ 50 እና 8 እና 300፣ 358 ሆነ። የመሲሕን ደመሩ፣ እሱም 358። ነዳፊውና ፈዋሹ እኩል! (ፊደል ደምሮ ዕድል መፈለግ ለእኛም ባዕድ አይደለም። አውደ ነገሥት ገላጩ ደብተራ የእናትን ስም ሳይቀር ይጠይቅ የለም እንዴ?) ግዕዙ ላይ ስንደርስ ግን እባቡ አርዌ፣ ናሱ ብርት ነው፤ ቅኔው ፈረሰ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በትርጉም የሚጠፋ ነገር ምን እንደሆነ ተማሪ ሲጠይቀኝ ይህችኑ እጠቅስ ነበር። ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን ለቅኔ አልራራም፤ ሰው ዕጣን ያጥንለት ጀምሯልና የናሱን እባብ ሰባበረው።

የሚገርመኝ፣ ኦሪትንም ቀጥቃጭነትንም አንድ ላይ ይዘው የኖሩት የእኛዎቹ ቤተ እስራኤሎች ከዚህ የካባላ ጨዋታ ምንም አልደረሳቸውም። ኦሪታቸው በግዕዝ ነው። ከሥራቸው ያተረፉት ስድብ ነው። ከእንጦጦ ሥር ቀጨኔ ያሉትም ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና አንጥረኞች፣ ከፊሎቹ ራሳቸውን ቤተ አብርሃም የሚሉት፣ በዚያው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ቡዳ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወረቀቱ ላይ አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። የሚወዳት ልጅ አባት በዚያው በእንጦጦ ግርጌ መስቀል ይሠራሉ። የልጁ ወላጆች የካ ሚካኤል አጠገብ የሚኖሩ፣ ጾምና ጸሎት የማያጓድሉ ሰዎች ናቸው፤ ለእሷ ቤት ሽማግሌ አንልክም ብለዋል። «መምህር፣ እርስዎ ይለምኑልኝ» አለኝ። ከመሄዴ በፊት ሰውየውን ላያቸው ፈለግሁ።

ጥሬ ዕቃቸውን የሚያመጣላቸው ቁራሌው ነው። የተሰበረ ቧንቧ፣ የበር እጀታ፣ አንዳንዴ ቀልሃ። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጹታል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጡታል፤ ጭቃው ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶ ቦታው የቀለጠው ናስ ይገባል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል፤ አንዱ ጭቃ ሁለት መስቀል አይወልድም። የተተኮሰ ጥይት ቀልሃ ገብቶ መስቀል ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። የአውሮፓ አልኬሚስቶች ስንት ዘመን ምድጃ ሲያራግቡ ከዚህ የበለጠ ምን አገኙ?

ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ ናስ የያዕቆብ ነው፣ አስታራቂ ነው አልኳቸው። ወናፉን ሳይለቁ ሳቁ።

«ታዲያ መምህር፣ ናስ አስታራቂ ከሆነ እርስዎ ምን አደከመዎት?»

የልጁ ወላጆች ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ ከእኛ ጋር አንድ ቄስ ነበሩ። እናትየው በር ላይ ተቀብለውን የቄሱን መስቀል ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙ። ከዚያ ተቀመጡና «እኔ እኮ በልጅቷ የለሁበትም፤ ሙያቸው ነው እንጂ» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገላብጠው ሲያዩት ቆዩ። የማን እጅ እንደሠራው ለመጠየቅ አንደበቴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት።

በሦስተኛው አባትየው ተረቱ። ሠርጉ በጥር ሆነ፤ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እናትየው መጡ፤ ከሙሽሪት ቤት የመጣውን እንጀራ ግን ጾም ነኝ ብለው አልቀመሱም። ዕለቱ እሑድ ነበር።