ጠርሙስ ያነሳንለት ዘፈን

ስሙኝማ፣ ቃሉን በቅጡ ሳትሰሙ ለዓመታት የጨፈራችሁበት ዘፈን አላችሁ? እኔ አለኝ፤ የእንግሊዞቹ የአንደርወርልድ «ቦርን ስሊፒ ነክስ»።

እንደ ብዙ ሰው ያወቅኩት በፊልም ነው። በዳኒ ቦይል «ትሬይንስፖቲንግ» (እ.ኤ.አ. 1996) መጨረሻ ላይ ሬንተን ጓደኞቹ ተኝተው ሳሉ የጋራ ገንዘባቸውን በቦርሳ ይዞ ሹልክ ሲል ይሰማል። መጀመሪያ ለስለስ ያለ፣ ከሩቅ የሚያስተጋባ ኪቦርድ። ከዚያ ከበሮው ይገባል። ያኔ ማን ቁጭ ይላል!

በእኛ ቡድን ዘፈኑን በሲዲ ይዞ የሚዞር አንድ ጓደኛ ነበረን። ዘፋኙ የቢራ ዓይነት እየጠራ ሲደጋግም ሁላችንም ጠርሙስ አንስተን እንጮሃለን። ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። «እሱ ከሌለ ሙድ የለም» እንል ነበር።

ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አልበም የሌለው ነጠላ፣ ያውም የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ የተቀመጠ። ርዕሱ ደግሞ (አትሳቁ) የእሽቅድምድም ውሻ ስም ነው! ከፊልሙ በኋላ በ1996 እንደገና ሲወጣ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

እናላችሁ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የዘፋኙን የካርል ሃይድን ታሪክ አነበብኩ። ግጥሙ ሰክሮ በለንደኑ ሶሆ ሲንገዳገድና ወደ ቤቱ ሲመለስ የለቃቀመው የምሽት ቁርጥራጭ ነው። ሰውየው የመጠጥ ሱሰኛ ነበር። በኋላ እንደተናገረው ዘፈኑ የመጠጥ ማሞገሻ አልነበረም፤ የድረሱልኝ ጩኸት ነበር። ሕዝቡ ግን ቢራውን ወደ ላይ አንስቶ አብሮት ይጮህ ነበር። ሃይድ በዚህ ደንግጦ ነበር። ኋላ መጠጡን ተወው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሃይድ አይደለም፤ ጓደኛዬ ነው። ከጠዋት መቅመስ ሲጀምር ሳቅን። ሥራ መቅረት ሲያበዛ «አራዳ» አልነው። ገንዘብ መበደር ሲያዘወትር ግን ስልኩን ማንሳት አቆምን። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛ ጥርሱን ብቻ አይተን ስንቱን ምሽት አሳለፍን። እናቱ አንዴ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ምን ሆኖብኝ ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው እማማ፣ ተጫዋች ነው እኮ» ብዬ ነው ያለፍኳቸው። እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ ይህቺ ናት።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ድምፁ ቀጥኗል። ወሬ ሲያልቅብኝ «ያንን ዘፈን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ እኮ የምወደው ከበሮው ከመግባቱ በፊት ያለውን ነበር» አለኝ። «እናንተ ግን ሁሌ በላዩ ላይ ታወሩ ነበር።»

ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ቡና ነው፤ ወሬውን ደግሞ እሱ ይጀምራል።