ድር የማያደራ ሸረሪት

ሸረሪት በተጠራ ጊዜ የሰው ልብ ወደ ድሩ ይሄዳል። መጽሐፈ ኢዮብ የዝንጉዎችን ተስፋ በሸረሪት ቤት ይመስላል፤ የአገራችንም ተረት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል። ነገር ግን ለአደን ድር የማያደራ፥ መልኩን ከዛፍ ጋራ አመሳስሎ የሚኖር ሌላ የሸረሪት ወገን አለ።

ይህ ወገን ወደ ጎን ስለሚራመድ የሸርጣንን ስም ወርሶ ሸርጣን ሸረሪት ይባላል። ሊቃውንት በዓለም ላይ ከ2000 የሚበልጥ ዓይነት ቈጥረውለታል። ከነዚህም ትማሩስ ተብሎ የተሰየመው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይኖራል፤ በአፍሪካም ይገኛል። ቁመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ከ8ቱ እግሮቹ 4ቱ የፊተኞች ይረዝማሉ፤ እነርሱን ወደ ፊት፥ የቀሩትን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጭራሮ ላይ በተጋደመ ጊዜ፥ የሚያየው ሁሉ የቅርንጫፍ ጕጥ ይመስለዋል። ጕንዳን ወይም ዝንብ ሲቀርበው ግን ድንገት ይይዘዋል።

እንስቲቱ ዕንቍላሎችዋን በሐር ጠቅልላ ትጠብቃለች። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ቀጭን ክር ወደ አየር ይለቅቁና ነፋስ ተሸክሞ ይወስዳቸዋል። ክሩ የሚያርፍበት ዛፍ ካገኘ ይኖራሉ፤ ካጣ ግን ድካማቸው ከንቱ ነው።

እንግዲህ ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮን፥ በነፋሻው በዋድላ ደጋ፥ ለእንዲህ ያለ ፍጥረት ማረፊያ ወዴት ይገኛል? ሜዳው እርሻ ነው፤ በየመንደሩ የቆመውም ዛፍ አብዛኛው ከአውስትራልያ የመጣ፥ ቅርፊቱን እየላጠ የሚጥል ባሕር ዛፍ ነው። ጽድና ወይራ ተጠጋግተው የሚታዩት ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ የከበበው የጽድ ደን ለዚህ ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ የአንድ ደብር ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ የሚጐድለው ጥላና እንጨት ብቻ አይደለም። ቅጽሩን ለማጽዳት ሲባል ቍጥቋጦውና ጭራሮው ሁሉ ሲመነጠር፥ በላዩ የተሰወረው ነፍስ ያለው ፍጥረት አብሮ ይጠፋል። አስተዋይ አለቃ መንገዱን ያስጠርጋል፥ ቍጥቋጦውን ግን ይተዋል፤ በወደቀው ጽድ ፈንታም የጽድ ችግኝ ያስተክላል።

ድር የሌለው ሸረሪት ቤቱ ዛፉ ነው። የዚያም ቤት ጽናት በሸረሪቱ ሳይሆን በቅጽሩ ጠባቂዎች እጅ ነው።