ደረቁ የት ሄደ?

ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ወገባቸው ጎብጧል፤ ጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተቆልሏል። ያ ቅጠል ምጣድ ሥር ይነዳል፤ ለተሸካሚዋም የልጆቿ ጉርሻ ነው። ስለ ኮምፖስት ሳስብ ዓይኔ እዚያ ሸክም ላይ ይቀራል። የጉለሌ ጓሮ ክምር የሚጎድለው እንዲህ ያለው ደረቅ ነውና።

እርጥቡማ ሞልቷል። የጎመን አንጓ፣ የድንች ልጣጭ፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ ከጀበናው የሚደፋው አተላ። የቡና አተላ መልኩ ጠይም ቢሆንም ጠባዩ የእርጥቡ ነው፤ ናይትሮጅን አለበት። ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማም እንዲሁ፤ ለምለም ሳለ ስለታጨደ ደርቆ ሲጠረግ እንኳ ከናይትሮጅኑ ብዙውን እንደያዘ ነው። ጭድ ግን ሌላ ነው። ተክሉ ያለውን ወደ ፍሬው ልኮ ከጨረሰ በኋላ የቀረ ነውና፣ ካርቦን እንጂ ሌላ እምብዛም የለውም። እንግዲህ ከመልኩ ይልቅ በምን ዕድሜው እንደተቆረጠ ማየት ይሻላል።

ክምሩን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦኑን ለጉልበት፣ ናይትሮጅኑን ለገላቸው ይሹታል። የሚስማማቸው ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። በጓሮ ቋንቋ፣ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ማለት ነው። ደረቁ ሲጠፋ እርጥቡ ይላቁጣል፣ አየር ይታፈናል፣ ትርፉ ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ጎረቤትም ያኮርፋል። «ኮምፖስት ይሸታል» ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው። የሸተተው ግን የደረቁ መጉደል ነበር።

ደረቁ የት ሄደ? ነደደ። ሰጋቱራው ምድጃ ገባ፣ ካርቶኑን ሰብሳቢው ወሰደው። ለጓሮ የተረፈው አመድ ነው፤ ብዙ ሰውም እሱኑ በክምሩ ላይ ይደፋል። አመድ ግን ካርቦኑ የተቃጠለ ነው፤ ሲበዛም አሞኒያውን ይብሱን ያባርረዋል። ቆንጠር አድርጎ መበተን ይበቃል።

ትግራይ ውስጥ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር በኮምፖስት ሲሠሩ፣ የብዙው ማሳ ምርት ከፋብሪካ ማዳበሪያው ጋር ተስተካክሏል፤ አልፎትም ያውቃል። ገለባው የከብት መኖ በሆነበት አገር ነው ይህ የተገኘው። እኛም ከእናቶቹ ጀርባ ሳንሻማ የምናገኘው ደረቅ አለን። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ደጃፍ የሚጠረገው የማግ ቁርጥራጭ ጥጥ ነው፤ ይበሰብሳል። ጥለት ላይ የሚገባው የሚያብለጨልጭ ክር ግን ፕላስቲክ ነው፤ ይለቀም። የግቢያችን የባሕር ዛፍ ቅጠልም ይሆናል፤ ዘይቱ መበስበሱን ስለሚያዘገይ ግን ተከታትፎ ከሌላ ቅጠል ጋር ይደባለቅ።

የጉለሌ ሌሊት ብርድ ነው። በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ያልሞላ ክምር ሙቀቱን አይዝም፤ ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ክምር መጋራት ይበጃል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሁለት ጆንያ ሙሉ፣ ዝናብ የማይነካው ጥግ አስቀምጡ።