ወደ ደሴ ለምትሄደው የውዝዋዜ መምህር ልጄ

ይድረስ ለተወደድሽ ልጄ፤

አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ወደ ወረሱበት አገር ወደ ወሎ፣ ወጣቶችን ውዝዋዜ ልታስተምሪ መነሣትሽን በሰማሁ ጊዜ፣ እኔም በዚሁ ሙያ ጠጕሬን ያሸበትሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ የመንገድ ስንቅ ይሆንሽ ዘንድ ይህን ልጽፍልሽ ወደድሁ።

አስቀድመሽ የሙያሽን ክብር ዕወቂ። ነቢዩ ዳዊት በታቦተ ሕጉ ፊት ሲዘፍን በመስኮት አይታ የናቀችው ሚስቱ ሜልኮል ነበረች፤ ዛሬም በሠርግ ቤት ሲያጨበጭብ አምሽቶ ልጁን ግን ከውዝዋዜ ትምህርት የሚከለክል አባት ያጋጥምሻልና፣ በቃል አትከራከሪው፤ ልጁ የተማረችውን ይይ።

ደርሰሽ ለማስተማር አትቸኵዪ። አሜሪካዊቱ ካትሪን ደንሃም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ባህልና ልማድ ስታጠና ሳለች፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1935 ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሻግራ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ልጆች በጃማይካ፣ በማርቲኒክ፣ በትሪኒዳድና በሄይቲ ያቈዩትን ጭፈራ ከባለቤቶቹ እግር ሥር ሆና ተቀበለች፤ በማርቲኒክ የትግል ጭፈራ ላይ የመሠረተችውን «ላግያ» የተባለውን ድርሰቷን ለመድረክ ያበቃችው ከዚህ በኋላ በ1938 ነው። በኒው ዮርክ በከፈተችው ትምህርት ቤትም ከእንቅስቃሴው ጋራ ቋንቋና ተውኔት ይሰጥ ነበር፤ ሰውነቱን ብቻ ያሠለጠነ ተማሪ ምን እንደሚናገርበት አያውቅምና። ስሟ በዓለም ከገነነ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ኢስት ሴንት ሉዊስ ወደምትባል ድኻ ከተማ ሄዳ ወጣቶችን ለማስተማር ተቀመጠች፤ እኔ ይህን ከመድረክ ዝናዋ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። አንቺም እንዲሁ በየሠርጉና በየክብረ በዓሉ ተገኝተሽ፣ የአገሩን አዛውንትና ባልቴት አስቀድመሽ ተማሪያቸው።

በገጠር ጨዋታው ክብ መሆኑን አትርሺ። አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ በጭብጨባ ይመልሳል፤ ሁለቱ ተጨዋቾች ፊት ለፊት ገጥመው አንዱ በትከሻው የጠየቀውን ሌላው በትከሻው ይመልስለታል። በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. ከተመረቀው ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ከምንለው መድረክ ወዲህ ግን፣ ተመልካች በአንድ ወገን ተቀምጧልና ክቡ ተከፍቶ ሰልፍ ሆነ። ይህ የመድረኩ ግዴታ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ የሚያሳዝነኝ ተወዛዋዡ ጓደኛውን ማየት ትቶ ለአዳራሹ ብቻ ፈገግ ማለቱ ነው። ስታቀናብሪ ሰልፉን በየመካከሉ ስበሪው፤ ተያይተው ይጫወቱ፤ መልሱ አስቀድሞ የተጠና ቢሆንም እንኳ በዚያች ሰዓት የተወለደ ይምሰል።

የትምህርቱን ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ቤት ውሰጂ። የቅዱስ ያሬድ ልጆች ደቀ መዝሙሩን በአንድ ጊዜ ከበሮ አያሸክሙትም፤ አስቀድሞ ቁም ዜማውን በቃሉ ያጸናል፣ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያውን ይይዛል፣ ከዚያ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ በዝግታ ይገቡለታል፣ ፈጣኑ ጽፋት ከሁሉ በኋላ ነው። ተማሪዎችሽም ተቀምጠው ዘፈኑን እየተቀበሉ ማጨብጨብን ይልመዱ፤ ትንፋሻቸው ከምቱ ጋራ ሲስማማ አንድ ትከሻ፣ ቀጥሎ ሁለቱ፣ ከዚያ አንገት፤ ፍጥነቱን ራሱ ጊዜው ያመጣዋል። ደግሞም አጥንተ ሰፊዪቱን ልጅ እንደ ቀጭኒቱ ካልተንቀጠቀጥሽ አትበያት፤ የእርሷ እስክስታ ክብደት ያለው፣ ከምድር የሚነሣ ነውና በዚያው አሳምሪላት። ሁሉም አንቺን መስለው የወጡ እንደ ሆነ፣ አስተማርሽ አልልሽም።

የምታስተምሪበት አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑን ነግረሽኛል። ጣውላ ሳይነጠፍበት ዝላይ ያለበትን ጭፈራ ከቶ አታስጀምሪ፤ በሲሚንቶ ላይ እየዘለሉ ጕልበታቸውን በወጣትነት የጨረሱ ስንት የሙያ ባልንጀሮች አሉኝ። እስከዚያው በትከሻና በአንገት ሥራ ቈዪ። የጣውላውን ዋጋ በደሴ ገበያ አጣርተሽ ጻፊልኝ፤ የአቅሜን ያህል እልካለሁ።

አባትሽ